መንዝ አራት ወረዳ ሆነ፤ ሕዝቡ ግን ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ አልተቆጠረም

በግንቦት 1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ሠራተኞች ቅጻቸውን ሞልተው ከመንደሩ በወጡ ማግስት የተወለደ ልጅ ዛሬ 18 ዓመት አልፎታል። መምረጥ ይችላል፤ መሬት በስሙ ሊያዝለት ይችላል፤ ጎጆ ሊወጣም ይችላል። የተወለደበት ወረዳ ስንት ሕዝብ እንዳለው ቢጠየቅ ግን የሚሰጠው መልስ እርሱ ከመወለዱ በፊት ከተቆጠሩት ሰዎች ተነሥቶ የተሰላ ግምት ነው። የትምህርት ቤቱ መማሪያ ክፍል፣ የጤና ኬላው መድኃኒት፣ የወረዳው በጀት ሁሉ በዚያ ግምት ላይ ቆሟል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ከአራት ኪሎ ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና የገንዘብ ሚኒስቴር በእግር በሚደረስበት ርቀት ላይ ናቸው። ለገጠሩ የሚከፋፈለው ገንዘብ የሚጸድቀው እዚሁ ሰፈር ስለሆነ፣ ስለ አንድ ሩቅ የገጠር ወረዳ ሕዝብ ብዛት መጠየቅ ለአዲስ አበባ ነዋሪ ባዕድ ጉዳይ አይደለም። ለማሳያ መንዝን መርጫለሁ። በአንድ በኩል ከመዲናዋ ጋር ያለው ትስስር የቆየ ነው፤ በአራዳና በጉለሌ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ከመንዝ ወይም ከአጎራባቹ የሰሜን ሸዋ አገር የመጣ ሰው ማግኘት አያስቸግርም። በሌላ በኩል የአስተዳደር ወሰን በተደጋጋሚ ሲቀየር የሕዝብ ቁጥር ምን ዓይነት ትርምስ ውስጥ እንደሚገባ መንዝ ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

መንዝ በተፈጥሮው የታወቀ ወሰን አለው። በስተ ምዕራብ የአዳባይና የወንጪት ወንዞች በገደል ይከብቡታል፤ በስተ ምሥራቅ ወደ ይፋት ቆላ ቁልቁል የሚያየው የተራራ ሰንሰለት ይዘጋዋል። በዚህ ብርዳም ደጋ ላይ ሕዝቡ ራሱን በሦስት ምድር ከፍሎ ኖሯል፤ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድር፣ ጌራ ምድር። ስያሜዎቹ ከአቅኚ አባቶች ስም የመጡ መሆናቸውን የአገሩ ሰው በትውፊት ይናገራል። የሸዋ ነገሥታት የዘር ሐረግ መነሻ የሆነው ነጋሢ ክርስቶስም የተነሣው ከዚሁ አገር ነው።

የጥንቱ አከፋፈል ከጽሕፈት ቤት የመጣ አልነበረም። ርስትን፣ ደብርንና ትውልድን የተከተለ ነበር። ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ማስረጃ የጓሳ ሜዳ ነው። ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋው ይህ የሣር ምድር፣ የጭላዳና የቀይ ቀበሮ መኖሪያ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል የአገሩ የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ተጠብቆ ቆይቷል። የመጠቀም መብቱ የአጽመ ርስት መብት ነበር፤ ከአቅኚ አባቶቹ ከአስቦና ከጌራ የሚወለድ ሰው ይጠቀማል፣ ያልተወለደ አይጠቀምም። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነው የጓሳ ሣር መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት መቼ እንደሚገባ የሚወስኑ የተመረጡ ሰዎች ነበሩ። ለዘመናት ሜዳው ሳይራቆት የቆየው ተጠቃሚው ማን እንደሆነና ከየትኛው ደብር እንደሆነ አስተዳዳሪዎቹ አጥርተው ያውቁ ስለነበር ነው። ሥርዓቱ ከርስቱ ዘር ውጭ ያለውን ሰው ያገለለ መሆኑን አልዘነጋም። ነገር ግን የሚያስተዳድረውን ሕዝብ ያውቅ ነበር፤ ዛሬ ስለ አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት ይህን አፍ ሞልቶ መናገር አይቻልም።

ወረዳ ዛሬ በምናውቀው መልኩ በሕግ የተደራጀው ከጣሊያን ወረራ በኋላ ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ አዋቀረ። ሹሞቹ ከማዕከል የሚሾሙና በመንግሥት ደመወዝ የሚተዳደሩ ሆኑ፤ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የነበረው የመንዝ አገርም በዚሁ መሰላል ውስጥ ገባ። በ1958 ዓ.ም. አውራጃዎች በተመረጡ ምክር ቤቶች ራሳቸውን በመጠኑ እንዲያስተዳድሩ የሚፈቅድ ትእዛዝ ወጥቶ ነበር። ፓርላማው ስላልተቀበለው በአገር አቀፍ ደረጃ ሳይተገበር ቀረ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር እቆጫለሁ። ያ ትእዛዝ ሥር ሰድዶ ቢሆን ኖሮ የገጠር አስተዳደር የራሱን መዝገብ የሚይዝ፣ ለራሱ ሕዝብ የሚጠየቅ ተቋም ይሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

የደርግ ዘመን ለውጥ ከታች ጀመረ። የካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሻረ፤ ቢያንስ 20 ጋሻ ወይም 800 ሄክታር በሚሆን መሬት ላይ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም አደረገ። የጓሳም የቄሮ ሥርዓት ያን ጊዜ ፈረሰ። መንዝና ግሼ የሚባል አውራጃ ነበር፤ በ1980 ዓ.ም. ደግሞ አገሪቱ በአስተዳደር አካባቢዎችና በራስ ገዝ አካባቢዎች ስትከፈል ሸዋ ተቆራርሶ የሰሜን ሸዋ አስተዳደር አካባቢ ተፈጠረ። ዐራት ዓመት ሳይሞላ ያም ቀረ።

በ1984 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አገሪቱን በ14 ክልሎች ሲያዋቅር የቀድሞው ሸዋ ሰሜናዊ ክፍል ለሁለት ተከፈለ። ሰላሌ ወደ ኦሮሚያ ሄደ፤ መንዝ፣ ተጉለት፣ ቡልጋ፣ ይፋትና መርሐ ቤቴ ክልል ሦስት ይባል ወደነበረው ወደ ዛሬው አማራ ክልል ገቡ። አውራጃ የሚባለው እርከን ጠፋ፤ ዞን ተተካ። በዚህም መንዝ እንደ አንድ አገር የሚጠራበት የአስተዳደር እርከን አልቀረለትም፤ ደብረ ብርሃን ለተቀመጠው ዞን በቀጥታ ተጠሪ የሆኑ ወረዳዎች ስብስብ ሆነ።

እዚህ ላይ ነው የቁጥሩ ችግር የሚጀምረው። በጥቅምት 1987 ዓ.ም. በተካሄደው ሁለተኛው ቆጠራ መንዝ የሚገኘው «ማማ ምድርና ላሎ ምድር» እና «ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል» በሚሉ ጥምር ወረዳዎች ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ግን አራት ወረዳዎች ሆነው ይታያሉ፤ መንዝ ማማ ምድር ከዋና ከተማው ሞላሌ ጋር፣ መንዝ ላሎ ምድር ከወገሬ፣ መንዝ ጌራ ምድር ከመሐል ሜዳ፣ መንዝ ቀያ ገብርኤል ከዘመሮ ጋር። በ1976 ዓ.ም. በተካሄደው የመጀመሪያው ቆጠራ ደግሞ ሁሉም በአውራጃ ሥር ነበሩ። ሦስቱን የቆጠራ ጥራዞች ጎን ለጎን ዘርግቶ «የላሎ ምድር ሕዝብ በሃያ ዓመት ውስጥ በስንት አደገ?» ብሎ ለሚጠይቅ ተመራማሪ ቀጥተኛ መልስ የለም። ወደ ቀበሌ ወርዶ፣ የትኛው ቀበሌ ወደ የትኛው ወረዳ እንደተካለለ አጣርቶ፣ ከታች ወደ ላይ መደመር ይኖርበታል። ቀበሌዎቹም በበኩላቸው የቀድሞ ገበሬ ማኅበራት ተዋሕደው የተፈጠሩ ናቸው። ስማቸው ሳይቀየር ወሰናቸው የተቀየረ አለ፤ ወሰናቸው ሳይቀየር ስማቸው የተቀየረ አለ። ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያሳይ፣ ማንም ዜጋ ገልጦ ሊያየው የሚችል የቀበሌ ዝርዝር ከቆጠራ ውጤቱ ጋር ታትሞ መውጣት ነበረበት።

ወረዳ መከፈሉ በራሱ ክፉ ነው ብዬ አልከራከርም። ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በተተገበረው ሥልጣንን ወደ ወረዳ የማውረድ ፖሊሲ ወረዳዎች ጥቅል በጀት ተቀብለው በምክር ቤታቸው የሚደለድሉ ሆነዋል። ከገደል ማዶ ያለ ገበሬ ለአንድ የመሬት ክርክር ቀን ሙሉ ተጉዞ ሄዶ «ዳኛው የሉም፣ በሳምንቱ ይመለሱ» ከሚባል፣ ጽሕፈት ቤቱ ቢቀርብለት ፍትሕ ነው። በመንዝ ያለውን ገደልና ወንዝ የሚያውቅ ሰው ይህን አይቃወምም። ነገር ግን አዲስ ወረዳ ሲፈጠር አዲስ ካቢኔ፣ አዲስ ምክር ቤት፣ የትምህርት፣ የጤና፣ የግብርና፣ የገንዘብ፣ የፍትሕ ጽሕፈት ቤቶች፣ ለእያንዳንዱም ኃላፊና ሠራተኛ፣ መኪናና ነዳጅ ያስፈልጋል። የአብዛኛው የገጠር ወረዳ በጀት ለደመወዝ እንደሚውል በበጀት ሥራ ላይ የቆየ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። በአገር አቀፍ ደረጃ የወረዳዎች ቁጥር ዛሬ ከ1,000 በላይ ነው። ሕዝቡ ሳይቆጠር ወረዳው ሲበዛ፣ ያው አንድ የቆየ ግምት ለብዙ እጅ እየተቆረሰ ይሄዳል፤ በተቆረሰ ቁጥር ስሕተቱ ይሰፋል።

አሁን ወደ ቁጥሮቹ እንግባ። የ1976ቱ ቆጠራ ኤርትራን ጨምሮ 42.6 ሚሊዮን ሕዝብ አሳየ፤ በጦርነት ምክንያት ያልተደረሰባቸው የገጠር አካባቢዎች በግምት ተሞልተው ነበር። የ1987ቱ 53.5 ሚሊዮን፣ የ1999ኙ 73.9 ሚሊዮን ሆነ። በኋለኞቹ ሁለት ቆጠራዎች መካከል አገሪቱ በዓመት 2.6 በመቶ ገደማ አደገች። የአማራ ክልል ከ13.8 ሚሊዮን ወደ 17.2 ሚሊዮን ሲደርስ ዕድገቱ 1.7 በመቶ ብቻ ነበር፤ ከሚጠበቀው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያነሰ። ጉዳዩ በወቅቱ ፓርላማ ድረስ ጥያቄ አስነሥቷል። የወሊድ መጠን መቀነስ፣ ኤች አይ ቪ፣ ፍልሰት፣ የቆጠራ ጉድለት፤ ሁሉም እንደ ምክንያት ተነሥተዋል። ቁጥሩ ግን እንደወጣ ጸና፤ የዛሬው ግምት ሁሉ መሠረትም እርሱ ነው።

መንዝ ያለበት የሰሜን ሸዋ ዞን ደግሞ ከክልሉም አማካይ ዝቅ ይላል። በ1987 ዓ.ም. 1.56 ሚሊዮን ገደማ የነበረው የዞኑ ሕዝብ በ1999 ዓ.ም. 1.84 ሚሊዮን ገደማ ሆነ። በዓመት ሲሰላ ዕድገቱ 1.3 በመቶ አካባቢ ነው፤ የአገሪቱ አማካይ እኩሌታ ማለት ነው። ይህ ልዩነት በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ለምሳሌ ያህል በ1999 ዓ.ም. 50,000 ሕዝብ የነበረውን አንድ ወረዳ እንውሰድ። በየዓመቱ በ1.3 በመቶ ካደገ ከ18 ዓመት በኋላ 63,000 ገደማ ይሆናል። በ2.6 በመቶ ካደገ ግን 79,000 ይደርሳል። በመካከሉ ያሉት 16,000 ሰዎች አሉ ወይስ የሉም? በጤና ኤክስቴንሽን መለኪያ አንድ ጤና ኬላ ለ5,000፣ አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ለ25,000 ሕዝብ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሦስት ጤና ኬላዎች ከነሠራተኞቻቸው፣ ከአንድ ጤና ጣቢያም ከግማሽ በላይ የሚያህል አገልግሎት ይገባል አይገባም የሚል ነው። ሰዎቹ ኖረው ካልተቆጠሩ እናቶች ክትባት አልቆባቸው ይመለሳሉ። ሳይኖሩ ከተገመቱ ደግሞ ለሌላው ወረዳ የሚገባው ገንዘብ ያለ ቦታው ይሄዳል።

ቆጠራ በሌለበት የሚሠራበት ትንበያ ነው። የያኔው የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ በወረዳ ደረጃ ከ2006 እስከ 2009 ዓ.ም. የሚሆን የሕዝብ ትንበያ አሳትሞ ነበር። ትንበያ ሐሰት አይደለም፤ ወሊድን፣ ሞትንና ፍልሰትን አገናዝቦ የሚሠራ የሙያ ሥራ ነው። ለአገር ሲሠራ ስሕተቶቹ እርስ በርስ ሊካካሱ ይችላሉ። ወደ ወረዳ ሲወርድ ግን መሠረቱ ይሳሳል። ምክንያቱም በአንድ ወረዳ ሕዝብ ላይ ከሁሉ በላይ ለውጥ የሚያመጣው ፍልሰት ነው፤ ፍልሰትን ደግሞ ከቆጠራ በቀር በቀበሌ ደረጃ የሚለካው የለም። በአገር ደረጃ እንኳ ክፍተቱ ያስደነግጣል። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የአገር ውስጥ ትንበያው 105 ሚሊዮን ገደማ ሲል የተባበሩት መንግሥታት ግምት ወደ 123 ሚሊዮን ይጠጋ ነበር። የ18 ሚሊዮን ሰው ልዩነት ነው። ስለ አገሪቱ ይህን ያህል ካልተስማማን፣ ስለ ላሎ ምድር አንድ ቀበሌ የምንናገረው ቁጥር «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ከሚለው አይሻልም።

የመንዝ ወጣት የት ሄደ? ከፊሉ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ አለ፤ ከፊሉ ወደ ዐረብ አገር ተሻግሯል፤ ብዙው እዚህ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከአዲስ አበባ 2.74 ሚሊዮን ነዋሪ ግማሽ የሚጠጋው ከሌላ ቦታ የመጣ ነበር። በፒያሳ ሱቅ የሚሸጠው፣ በአራት ኪሎ የግንባታ ሥራ ላይ የሚውለው፣ በሰው ቤት የምታገለግለው ልጅ የሚቆጠሩት የት ነው? ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሰው የሚቆጠረው በመደበኛነት በሚኖርበት ነው። ነገር ግን እነዚህ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የከተማው የቀበሌ መታወቂያ የላቸውም፤ በአከራያቸው ስም ሥር ተሸፍነው ይኖራሉ። አገር ቤት ያለው አባትም ልጁን ከቤተሰቡ መዝገብ ማውጣት ይከብደዋል፤ በምግብ ዋስትናው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ዝርዝር ውስጥ ያለ ቤተሰብ ከሆነማ ይበልጥ ይከብደዋል። አንዱ ሰው በሁለት ቦታ ይገመታል፤ ወይም በሁለቱም ቦታ ይቀራል።

ከተማውም ከዚህ የተለየ ዕድል አላገኘም። አዲስ አበባ በደርግ ዘመን በ25 ከፍተኞች፣ ከ1995 ዓ.ም. በኋላ በ10 ክፍለ ከተሞች ተዋቅራ፣ ዛሬ ለሚ ኩራን ጨምሮ 11 ሆናለች። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በፒያሳና በአካባቢው በተካሄደው የኮሪደር ልማት ብዙ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተዛውሯል። የአራዳ ወረዳዎች ስንት ነዋሪ እንደቀራቸው፣ የተቀበሏቸው ወረዳዎች ስንት እንደጨመሩ ከቆጠራ የመጣ መልስ የለም።

በመንዝ ላይ ደግሞ ጦርነት ተጨመረ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ውጊያው ደብረ ሲና ሲደርስ የመንዝ ወረዳዎችም አልተረፉም። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ ሰዎችን አፈናቅሏል፤ የወረዳ አገልግሎቶችንም አስተጓጉሏል። ሰላም በሌለበት ቆጠራ ማካሄድ ከባድ መሆኑን እረዳለሁ። ሆኖም ቆጠራው የተስተጓጎለው ከጦርነቱ በፊት ጭምር ነው። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 103 ቆጠራ በየዐሥር ዓመቱ እንዲካሄድ፣ የምርጫ ክልሎችም ውጤቱን መሠረት አድርገው እንዲወሰኑ ያዛል። በ2010 ዓ.ም. ሊካሄድ ታስቦ የነበረው አራተኛው ቆጠራ ደጋግሞ ተገፋ፤ በሰኔ 2011 ዓ.ም. ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባቸው እንደገና አራዘሙት። ለቆጠራው ታብሌቶች ተገዝተው፣ የቆጠራ ቦታዎች ካርታ ተዘጋጅቶ ነበር። ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ የሚውሉት የምርጫ ክልሎች ዛሬም 547 ናቸው። የፌዴራል ገንዘብ ለክልሎች የሚከፋፈልበት፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚያጸድቀው የድጎማ ቀመርም ሕዝብ ብዛትን እንደ ዋና መለኪያ እየተጠቀመ ነው።

አንዳንዶች ፋይዳ መታወቂያ ቆጠራን ይተካል ይላሉ። አይተካም። መታወቂያ የመጣውን ሰው ይመዘግባል፤ ቆጠራ ግን ያልመጣውንም ደጁ ድረስ ሄዶ ይፈልጋል። በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ በየቀበሌው የተጀመረው የልደትና የሞት ምዝገባ የተሻለ ተስፋ ነበረው፤ ወሊድ ቤት ውስጥ በሚበዛበት የገጠር ቀበሌ ግን ልደቱ ሳይመዘገብ የሚያድገው ልጅ ገና ብዙ ነው።

ቆጠራው ነገ ይጀመር ብሎ መጮህ ቀላል ነው። እኔ የምጠይቀው ከዚያ በፊት ሊሠራ የሚችለውን ነው። የስታቲስቲክስ አገልግሎቱ የወረዳና የቀበሌ ወሰን ለውጦችን ከ1976 ዓ.ም. ጀምሮ አዛምዶ ለሕዝብ ይፋ ያድርግ፤ ጥሬ ዕቃው በእጁ ነው። ክልሎች አዲስ ወረዳ ሲያቋቁሙ የትኞቹ ቀበሌዎች ከየትኛው እንደወጡ በአዋጁ አባሪ በዝርዝር ያውጡ። የድጎማ ቀመሩን የሚያጸድቁት የምክር ቤት አባላትም የሕዝቡ ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተሰላ፣ የስሕተት ወሰኑም ምን ያህል እንደሆነ ከሰንጠረዡ ጎን እንዲጻፍ ያስገድዱ። ለዚህ ለሦስተኛው ጥያቄ ሰላም እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም፤ በጀት በሚጸድቅበት በሰኔና በሐምሌ፣ እዚሁ አራት ኪሎ ውስጥ የሚፈጸም ነው።